ራታችንን ከሰዓት ጋር አታጣሉብን



በየስልካችን እንደ ፈትዋ የሚዞር አንድ ወሬ አለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የተበላ ሁሉ ስብ ይሆናል፣ መክሳት የፈለገ ከመግሪብ በኋላ አፉን ይዝጋ የሚል ነው። ከሚያሰራጩት ውስጥ ጂም ገብተው ክንዳቸውን የሚያሳዩ ወጣቶች አሉ፣ የማቅጠኛ ሻይ ሻጮችም አሉ። ሰሚዎቹ ግን እኛው ነን። ቤተሰብ ትሪ ዙሪያ ሲሰበሰብ «በልቻለሁ» ብለው ክፍላቸው የሚገቡ እህቶች አሉን። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ቆመው ውለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ቤት የሚደርሱ፣ እናታቸው ሸፍና ያስቀመጠችላቸውን ራት እንደ መርዝ አይተው ባዶ ሆዳቸውን የሚተኙ ወንድሞች አሉን። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ረመዷን ሲገባ ሌሊት መብላት ያወፍራል ብሎ ሱሑርን መተው ነው።

ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። ይህ ወሬ በሚወራበት መልኩ ሐሰት ነው። ውስጡ ትንሽ እውነት አለ፣ እሱንም አንደብቅም፤ ግን መጀመሪያ ሐሰቱን እናንሳ።

ወሬው የቆመው፣ ስንተኛ ሰውነታችንም ሥራውን ያቆማል በሚል ግምት ላይ ነው። ሰውነት ግን እንደ ሱቅ መዝጊያውን አውርዶ ወደ ቤቱ አይሄድም። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ አንጎል ይሠራል፣ ጉበት ይሠራል፣ ሙቀታችን ይጠበቃል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተኝቶ እንኳ በሰዓት ወደ 60 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 7 ሰዓት ሲተኛ 400 ካሎሪ አካባቢ ሄደ ማለት ነው። ስብ የሚከማቸው ከሚቃጠለው የሚገባው ሲበልጥ፣ ያም ለሳምንታትና ለወራት ሲቀጥል ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የበላነው ትርፍ ምግብ ፀሐይ ስላየው ብቻ ምሕረት አይደረግለትም።

ላብራቶሪ መሄድ ሳያስፈልገን በእጃችን ያለ ማስረጃ አለ፤ ረመዷን! በዚያ ወር በዓለም ዙሪያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሙስሊም ምግቡን በሙሉ ወደ ሌሊት ያዞራል። ቁርስ የለም፣ ምሳ የለም፤ የሚበላው ሁሉ ከመግሪብ እስከ ፈጅር ባለው ጊዜ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጾማችን ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዓመት ዓመትም ብዙ አይለዋወጥም። እንግሊዝ አገር ያሉ ወገኖቻችን ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ረመዷን በሰኔ ወር ሲውል ለንደን ላይ የሚያፈጥሩት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። ራታቸው ከዚያ በኋላ፣ ሱሑራቸው ደግሞ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ። ከ12 ሰዓት በኋላ የተበላ ሁሉ ስብ የሚሆን ቢሆን ኖሮ የለንደን ሙስሊም በዚያ ወር ሁሉ በየሳምንቱ ሱሪ መቀየር ነበረበት።

ምን ሆነ? የሙስሊሞችን ክብደት ከረመዷን በፊትና በኋላ የመዘኑ ጥናቶች በተለያዩ አገሮች ተሠርተዋል። ተደምረው ሲታዩ ጿሚው በአማካይ ከ1 ኪሎ ትንሽ በለጥ የሚል ክብደት ይቀንሳል። አይጨምርም፤ ይቀንሳል! በሸዋል ወር ወደ ቀድሞ አበላላችን ስንመለስ ያ ኪሎ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መመለሱም ታይቷል። ይህንን የምንጠቅሰው ረመዷንን የክሳት ፕሮግራም ለማድረግ አይደለም፤ ጾም ዒባዳ ነው፣ ኒያው ሚዛን ላይ አይወጣም። የምንጠቅሰው ሌሊት መብላት በራሱ ስብ የማያደርግ መሆኑን ስለሚያሳይ ብቻ ነው።

(በነገራችን ላይ ይህ «ከስድስት በኋላ አትብላ» የሚለው ሕግ ከውጭ ቪዲዮ የተተረጎመ ነው። የፈረንጅ ስድስት የእኛ 12 ሰዓት ነው። ነገ ደግሞ አንዱ ተርጓሚ ሳያስተውል ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ብሎ ምሳችንንም እንዳይከለክለን እንሰጋለን።)

አሁን ወደ ትንሿ እውነት እንምጣ። የሚከራከሩን ሰዎች «ጥናት አለ» ይላሉ። አዎ፣ አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የስፔን ጥናት 420 ሰዎችን ለ20 ሳምንታት ተከታትሎ ዘግይተው የሚበሉት ያነሰ እንደቀነሱ አግኝቷል። ግን ስለ የትኛው ምግብ ነበር ያወራው? ስለ ምሳ! ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ምሳ የሚበሉና ከ9 ሰዓት በኋላ የሚበሉ ሰዎች ነበሩ የተነጻጸሩት። ይህንን ጥናት ጠቅሶ ራት የሚከለክል ሰው ጥናቱን አላነበበውም።

በ2022 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ የተሠራው ከዚህ ይጠነክራል። 16 ወፍራም ሰዎች አንድ ዓይነት ምግብ አንድ ጊዜ በጊዜው፣ ሌላ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል አዘግይተው በሉ። ሲያዘገዩ ረሃባቸው ጨመረ፣ የጥጋብን ስሜት የሚሰጠው ሆርሞን ቀነሰ፣ የሚያቃጥሉትም ጉልበት ትንሽ ዝቅ አለ። ይህ እውነት ነው፤ አናስተባብለውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ዙር የቆየው 6 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማን ወፈረ ማን ከሳ የሚለው አልተለካም።

ሰውን እየመዘኑ የቆዩትስ? በዚያው ዓመት በስኮትላንዷ አበርዲን 30 ሰዎች ለ4 ሳምንት ትልቁን ምግብ ጠዋት፣ ለሌላ 4 ሳምንት ደግሞ ትልቁን ምግብ ማታ እንዲበሉ ተደረገ። ጠቅላላው የካሎሪ መጠን እኩል ነበር። በሁለቱም ወደ 3.3 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። ልዩነት የለም! ልዩነቱ ጠዋት ብዙ የበሉ ጊዜ ረሃብ ያን ያህል አላስቸገራቸውም፤ ያ ነው። በቻይናዋ ጓንግዡ ደግሞ 139 ሰዎች ለአንድ ዓመት ምግባቸውን ቀንሰው፣ ግማሾቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ፣ ግማሾቹ በፈለጉት ሰዓት በሉ። የሰዓት ገደብ የነበራቸው 8 ኪሎ፣ ያልነበራቸው 6.3 ኪሎ ገደማ ቀነሱ፤ ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የማያልፍ ነው ብለው ደመደሙ። ተቃራኒ ውጤት ያገኘም አለ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከታተመ ሌላ ጥናት ከባድ ቁርስ የበሉ ሴቶች ከባድ ራት ከበሉት ይልቅ ብዙ ቀንሰዋል። እሱ ውስጥ እንኳ ሁሉም ራት በልተዋል። ባዶ ሆዷን ተኚ የተባለች አልነበረችም።

ታዲያ በየሰፈራችን ማታ የሚበላ ሰው ሲወፍር የምናየው ለምንድን ነው? ከሰዓቱ ጋር አብሮ የሚመጣውን እንይ።

አንደኛው ጫት ነው። ስለ ሌላው ጉዳቱ ዛሬ አናነሳም፤ ስለ ሆድ ብቻ እናውራ። ከዙህር በኋላ የተቀመጠ ወጣት የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ ምሳውን ወይ አይበላም ወይ ይነካካዋል። በጎን ግን ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ይወርዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ ነው፤ በስኒ 3 ማንኪያ የጨመረ፣ 6 ስኒ የጠጣ 288 ካሎሪ ጠጥቷል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ከዚያ ምርቃናው ሲወርድ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ የታፈነው ረሃብ ይነሣል፤ የተገኘው ሁሉ በጥድፊያ ይበላል። እንቅልፍ ግን አይመጣም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ብዙ እንደሚበላ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ በቀን ከ300 ካሎሪ በላይ ጭማሪ የተመዘገበበት አለ። (ፈጅርስ? እሱን ለራሳችን እንተወው።) እንግዲህ ይህ ወጣት ሲወፍር ጥፋቱን በ5 ሰዓት ላይ እንለጥፈው?

ሁለተኛው ስልክ ነው። ራቱን በልቶ የጠገበ ሰው ስልኩን ይዞ ሲጋደም እጁ ብስኩት ይፈልጋል፣ ቆሎ ይፈልጋል፣ ቺፕስ ይፈልጋል። ይህ ራት አይደለም፤ ማንም አይቆጥረውም። በማግስቱ ለጓደኛው ሲያማርር ግን «ማታ እንጀራ መብላቴ ነው ያወፈረኝ» ይላል። እንጀራው ምን አደረገ?

ሦስተኛው የኢፍጧር ትሪያችን ነው፤ እዚህ ላይ ልንሸሽ አንችልም። በ3 ተምርና በውኃ፣ ካለም በሾርባ ማፍጠር በቂ ሲሆን ሳምቡሳው ተከምሮ፣ ቦምቦሊኖው ተደርድሮ፣ ጭማቂው ስኳር ተጨምሮበት ይቀርባል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አካባቢ ነው። በጥብስ ውስጥ የገባ 3 ማንኪያ ዘይት 360 ይሆናል፣ ገና ሊጡና ሥጋው ሳይቆጠር። ከተራዊሕ በኋላ ደግሞ ዋናው ራት። በረመዷን ኪሎ ጨምሮ የሚወጣ ሰው የጨመረው በዚህ ነው። ኢስራፍ የተከለከለው ለሌሊትም ለቀንም ነው፤ ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ስለ መክፈል የተማርነውም የሰዓት ገደብ የለበትም።

ሱሑርን ለመክሳት ብሎ የሚተው ወንድማችን ሁለት ጊዜ ይከስራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያበረታቱትን፣ በረካ ያለበትን ሱና ይተዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ራት በልቶ እስከ ማግስቱ መግሪብ የቆየ ሰው ደግሞ 21 ሰዓት ያህል ባዶውን ሆኖ ነው ትሪ ላይ የሚቀመጠው፤ እዚያ ትሪ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ሱሑር ላይ ትንሽ አጃ፣ እንቁላል፣ እርጎ፣ ከትናንት የተረፈ ምስር ወጥ እንኳ ቢቀምስ ኢፍጧሩን በልክ ይበላ ነበር።

ስለ ማቅጠኛ ሻዩም እንናገር፣ ምክንያቱም ወሬውና ሻዩ ብዙ ጊዜ አብረው ይሸጣሉ። ማታ ራት ትተሽ ይህንን ጠጪ ነው የሚባለው። ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰነ መኪ ነው፤ አያቶቻችን ሆድ ሲደርቅ የሚጠቀሙበት ቅጠል። የሚሠራው በትልቁ አንጀት ላይ ነው። የምግብ ጉልበት ግን በብዛት ወደ ደም የሚገባው ከዚያ በፊት፣ በትንሹ አንጀት ነው። ስለዚህ የሚያስወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ጠዋት ሚዛን ላይ የቀነሰው ኪሎ ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል። በየቀኑ ለወራት የጠጣችው እህት ደግሞ ሰውነቷ ፖታሲየም ያጣል፣ አንጀቷም ያለ ሻዩ አልሠራም ሊል ይችላል።

ማታ መብላት ላይ በእውነት መጠንቀቅ ያለባቸው አሉ። ቃር የሚያስቸግረው ሰው በልቶ ወዲያው መተኛት የለበትም፤ 2 ወይም 3 ሰዓት መቆየቱ ይረዳዋል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ፣ ሰውነት ስኳርን የመቆጣጠር ችሎታው ማታ ከጠዋቱ ስለሚያንስ፣ ራቱን ቀለል ቢያደርግ ይሻለዋል። ቀለል ማድረግ ግን መተው አይደለም! ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ኪኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ራቱን ከተወ ስኳሩ በእንቅልፉ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ የክብደት ጉዳይ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። ያንን ቪዲዮ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ስትለጥፉ አክስታችሁና አባታችሁም እንደሚያዩት አስቡ።

ሱቅ ውለው ማታ የሚገቡ ወንድሞቻችን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ነገር ቢቀምሱ፣ ቤት ሲገቡ ለስላሳውን ትተው የተቀመጠላቸውን በልክ ቢበሉ፣ ከተቻለም ጥቂት ቆይተው ቢተኙ ይበቃቸዋል። እህቶቻችንም ትሪው ላይ ይቀመጡ፤ ከፈለጉ እንጀራውን ያሳንሱ፣ ጎመኑንና ምስሩን ያብዙ፣ ግን ይቀመጡ።

ሻዩን ለምትሸጡት ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። እሽጉ ላይ የቅጠሉን ስም በአማርኛ ትጽፋላችሁ?

ወላሁ አዕለም።