ከጎንደር የወጣው እንዳይደገም

የዕድሜ እኩዮቼ፣ በኢንግልዉድና በዙሪያዋ ያላችሁ አባቶችና እናቶች፤ ዘመናችን እየመሸ ስለሆነ ሳልዞር እናገራለሁ። በቁም ሣጥናችሁና በስቶሬጅ የቆለፋችሁበት የብራና ዳዊት፣ የአባት መስቀል፣ ሥዕል፣ የድሮ ደብዳቤና ፎቶግራፍ አደጋ ላይ ነው። የመጣበት ጠላት የለም፤ እኛ ልንሞት ነው።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ግንባቸው ዛሬም ቆሟል። ከጎንደር የወጣው ሌላ ነው። ነገሥታቱ «ኵርዐተ ርእሱ» የሚሉትን፣ የእሾህ አክሊል የደፋውን የክርስቶስን ሥዕል ይዘው ይዘምቱ ነበር። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ዘመቻ ድል ሲሆኑ ሥዕሉ ተማረከ። ጎንደር ግን ዝም አላለችም፤ ወርቅ ከፍላ አስመለሰችው። ምን እንደሆነ የሚያውቅ፣ የሚቆጭለትም ሰው ነበራ!

በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ፤ የአድባራቷን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ ምሽጋቸው ወደ መቅደላ አጋዙ። ይህን ያደረጉት የቋራው ሰው፣ የአገሩ ልጅ መሆናቸው እስከ ዛሬ ያመኛል። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ደርቡሽ መጥቶ በቀረው ላይ እሳት ለቀቀ። በመሐሉ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲዘርፉ፣ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምዝ እዚያው ነበር። 350 ያህል ብራና ለሙዚየሙ ገባ። ኵርዐተ ርእሱን ግን ለራሱ አስቀረው። ሆምዝ ከሞተ በኋላ፣ በ1917 እ.ኤ.አ.፣ ሥዕሉ ለንደን በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ። በኋላም ፖርቱጋል ገባ።

ይህን ልብ በሉ። ከመቅደላ ያወጣው ጦር ነው፤ ጨረታ ላይ ያቆመው ግን የአንድ ሽማግሌ ሞት ነው። እዚህም ሽማግሌ ሲያርፍ ለቅሶው ሳይበርድ አፓርትመንቱ ይለቀቃል። ልጆቻችን ደጎች ናቸው፤ ግዕዙን ግን አያነቡም፤ መስቀሉ የማን እንደነበረ አልነገርናቸውም። የማያውቁትን ለኢስቴት ሴል ቢያወጡት ወይም ቢጥሉት በምን እንወቅሳቸዋለን? በ2002 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስም ስላገኘን ቅርሳችን ተጠበቀ ብላችሁ አትዘናጉ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጀምሩ። እያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ከማን እጅ እንደመጣ፣ ከየት አገር እንደወጣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። የሚረከበውን ልጅ በስም ለዩ፤ ቁጭ አድርጋችሁም ንገሩት። ብራናውን በየገጹ ፎቶ አስነሡ። ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የግዕዝ ብራናዎች የሚጠበቁበት ቤተ መጻሕፍት አለው፤ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቁ። ሰብሳቢ ነኝ ብሎ ገንዘብ ለሚዘረጋላችሁ አትሽጡ። ብራናው ላይ የደብር ስም ካለ፣ የሰረቀውና የፋቀው የተገዘተ ይሁን የሚል ቃልም ካነበባችሁ፣ ያ የእናንተ አይደለም፤ በሕይወት ሳላችሁ ለካህናቱ ነግራችሁ ወደ ደብሩ መልሱት።