ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ 2 ጊጋባይት ገደብ

ባለፈው ሴሚስተር ለፕሮጀክቴ በሲ የጻፍኩት ፕሮግራም ከሴንሰር የሚመጣውን ዳታ ሌሊቱን ሙሉ እንዲመዘግብ ትቼው ወደ ዶርሜ ሄድኩ። ኮምፒዩተሩ ባለ 32 ቢት ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ማሽን ነው። ጠዋት ስመለስ ስክሪኑ ላይ «ተጠናቋል» ይላል። ፋይሉን ስከፍተው ግን ጉድ ፈላ! 2 ጊጋባይት ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዳታ የለም። ዲስኩ ደግሞ ገና አልሞላም ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በባለ 32 ቢት ሊኑክስ ላይ ፋይል ውስጥ የት እንደደረስን የሚይዘው ኦፍ_ቲ የሚባለው ታይፕ፣ ካልነገሩት በስተቀር 32 ቢት ብቻ ነው፤ ከ2,147,483,647 በላይ መቁጠር አይችልም። ከዚያ አልፈን እንጻፍ ስንል ከርነሉ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል ስህተት ይመልሳል። እኔ ግን ኤፍራይት የመለሰልኝን ቁጥር አላየሁም። ተነግሮኛል፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

መድኃኒቱም ከተገኘ ቆይቷል። የትልቅ ፋይል ስምምነቱ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ፋይል ኦፍሴት ቢትስ የሚባለውን ማክሮ ሜክፋይል ውስጥ 64 ማድረግ፣ በኤፍሲክና በኤፍቴል ፋንታ ኤፍሲኮንና ኤፍቴሎን መጠቀም፣ በቃ። ማክሮውን አንዱ ፋይል ላይ ጽፎ ሌላው ላይ መርሳት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ለዚህ ነው ሜክፋይል ውስጥ ይሁን የምለው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አሁን ሁሉም 64 ቢት ነው፣ ይሄ ያረጀ ጉዳይ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ በባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ኦፍ_ቲ ራሱ 64 ቢት ነው። ነገር ግን የፋይሉን መጠን ተቀብለን ኢንት ውስጥ ከከተትነው እዚያው ገደብ ላይ እንወድቃለን። ፋት32 የሆነ ፍላሽ ላይ ስንጽፍም አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መሙላት አይችልም። ማሽኑ ቢቀየርም ገደብ አይጠፋም፤ ቦታውን ይቀይራል እንጂ።

ስለዚህ በበኩሌ ለዲፓርትመንታችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ፋይል የሚነካ የላብ ሥራ ሁሉ በ3 ጊጋባይት ፋይል ይሞከር። ትራንኬት በሚባለው ትእዛዝ እንዲህ ያለ ፋይል በሰከንድ ይፈጠራል፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ በተለመደው የሊኑክስ ዲስክ ላይ ቦታ አይፈጅም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ፣ የኤፍራይትንና የኤፍክሎዝን መልስ ሳያይ ያለፈ ተማሪ ማርክ ይቀነስበት። መምህራኖቻችን ይህን ቢያደርጉ እኛ ተማሪዎች ማጉረምረማችን አይቀርም። ይሁን እንጂ አምስት ማርክ ማጣት የአንድ ሌሊት ዳታ ከማጣት ይሻላል። እኔ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ።