ዝም ያለው ጋዜጣ፣ የተናገረው ፊልም

መስከረም 1 ቀን 1967፣ በዘመን መለወጫ ምሽት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለተመልካቹ ያቀረበው የእንቁጣጣሽ ጭፈራ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ለማውረድ ሰዓታት የቀሩት ደርግ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከአንድ ዓመት በፊት ወሎ ገብቶ የቀረጸውን የረሃብ ፊልም አስተላለፈ። ፊልሙ ግን እንደተቀረጸ አልቀረበም። አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት ታይተው ሳያበቁ የቤተ መንግሥት ግብር ይመጣል። ከመጠለያ ደጃፍ የወደቀ ሰው ይታይና፣ ወዲያው ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል ይከተላል። አፄ ኃይለ ሥላሴም ያን ምሽት ቴሌቪዥን እንዲያዩ ተነግሯቸው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው በአንዲት ቮልስዋገን ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ።

በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበር፤ ሥርጭቱ ራሱ ከተጀመረ ገና 10 ዓመት ሊሞላው ነበር። ያም ሆኖ ያየው ላላየው እየነገረ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። ዙፋኑን ያወረደው ፊልሙ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ከየካቲት 1966 ጀምሮ ወታደሩ፣ ታክሲ ነጂው፣ መምህሩና ተማሪው አገሩን ሲያናውጡት ከርመዋል። ነገር ግን ለንጉሡ የሚያዝን ልብ በአንድ ሌሊት እንዲጨክን ያደረገው ያ ፊልም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ «ሚዲያው ማኅበረሰቡን እያበላሸው ነው» የሚለው ሙግት ለቅሶ ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ምክር ቤትም ይሰማል። ተሟጋቾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚፋጠጡት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ የታየው እውነት ነው ወይስ ሐሰት? የመስከረም 1 ፊልም ይህን ጥያቄ መልስ ያሳጣዋል። የተራበው በእርግጥ ተርቧል። ግብሩም ተጥሏል፣ ውሾቹም በልተዋል። አንድም ምስል አልተፈበረከም። የደርግ ሥራ ምስሎቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነበር። ያ ቅንብር ደግሞ ጉልበት ያገኘው ተመልካቹ ስለ ወሎ ከራሱ ጋዜጣ ያነበበው ነገር ባለመኖሩ ነው። ቀድሞ የሚያውቀው ቢኖር ኖሮ ያመሳክር ነበር፤ ባዶ እጁን ስለተቀመጠ የተሰጠውን ተቀበለ።

ባዶነቱ በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። በ1965 ወሎ ውስጥ ሰው ሲረግፍ አዲስ ዘመንም ሆነ በእንግሊዝኛ የሚታተመው ሄራልድ የመንግሥት ልሳን ነበሩ። አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ የተነሱ ገበሬዎች ከመንገድ ተመልሰዋል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ ፎቶግራፎቹም በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። ባለሥልጣናቱ ይህንንም በበጎ ዓይን አላዩትም። የአገር ስም እንዳይጠፋ፣ የንጉሡ ክብር እንዳይነካ የሚል ሥጋት ነበራቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው የአባቶች ብሂል ለቤተሰብ ገመና ይሠራ ይሆናል። የሞቱት ሰዎች ቁጥር እንደ ገማቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ለሚደርስ እልቂት ግን አልሠራም። በጥቅምት 1966 የዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ሲታይ፣ የለንደን ተመልካች ስለ ደሴ መንገድ ያወቀውን ያህል የፒያሳ ጋዜጣ አንባቢ አያውቅም ነበር።

ከፊልሙ በኋላ የሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነሣው የታሪኩ ክፍል ነው። የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት፣ ረሃቡን መደበቃቸውን ጨምሮ፣ እንዲያጣራ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ ሰው እየጠራ፣ ሰነድ እያገላበጠ፣ ማን ምን አወቀ፣ መቼ አወቀ እያለ ይጠይቅ ጀመር። ይህን ሥራ ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከእነሱ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ይገኙበታል። ለሕዝብ የተነገረው ምክንያት «ፖለቲካዊ ውሳኔ» የሚል ነበር። በምስል የጋለ ቁጣ ለገዳዩ ጊዜ ቆጥቦለታል፤ ጥያቄውን ይዞ የመጣው ኮሚሽን ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። ማን ምን እንደ ደበቀ የሚያውቁት ሰዎች ምስጢሩን ይዘው ተቀበሩ።

ከዚያ 10 ዓመት አለፈ። መስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓ) ምሥረታ ለማክበር በቀይ ጨርቅ፣ በቅስትና በመፈክር ተሸፍና ነበር። በዚያው ሰሞን በሰሜን ኢትዮጵያ ኮረም ሜዳ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በብርድ ሌሊት አፈር ላይ ያድሩ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሬሳ በአቡጀዴ እየተጠቀለለ ይደረደራል። ንጉሡን ረሃብ ደበቁ ብሎ የከሰሰው መንግሥት በዓሉ እስኪያልፍ ረሃቡን አደባባይ ሊያወጣው አልፈለገም። የአገር ውስጡ ዜና ስለ ድግሱ ያወራል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ ከኬንያዊው ካሜራ ባለሙያ ከመሐመድ አሚን ምስል ጋር ሲተላለፍ፣ ወሬውን አሁንም የተናገረው የውጭ ሰው ሆነ።

የዚያ ዘገባ ውጤት በሁለት ወገን መታየት አለበት። በአንድ በኩል ስንዴ መጣ፤ አውሮፕላን መጣ፤ የብዙ ሰው ነፍስ ተረፈ። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞችን ሰብስቦ ለገና የሚሆን ዘፈን አስቀረጸ፤ በሐምሌ 1977 ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ከለንደንና ከፊላደልፊያ በሳተላይት ለዓለም ተሠራጨ። በሌላ በኩል የኮረሙ ምስል ከኮረም ወጥቶ የአገሩ ሁሉ መታወቂያ ሆነ። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ያደገ ኢትዮጵያዊ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ከአገሩ ስም ጋር ቀልድ ሆኖ የሚወረወርበት ያው ምስል ነው። ዘፈኑ በ2017 ኅዳር ላይ ለ40ኛ ዓመቱ እንደገና ተቀናብሮ ሲወጣ፣ ቀደም ባለው ቅጂ የዘፈነው ኤድ ሺራን ድምፁን ሳያስፈቅዱት እንደተጠቀሙበትና ቢጠይቁት ኖሮ እንደማይስማማ ተናገረ። ለዚህ አቋሙ የጠቀሰው የብሪታንያ ጋናዊውን ዘፋኝ ፊውዝ ኦዲጂን ትችት ነው። ትችቱም እንዲህ ያለ ዘመቻ አፍሪካን የልመና ፊት ብቻ ያደርጋታል የሚል ነበር።

ትችቱ ተገቢ ነው። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። የኮረም ምስል ያን ያህል ብቻውን የገነነው ከጎኑ የሚቆም ሌላ ምስል ስላልነበረ ነው። ገበሬው በሬውን መቼ እንደ ሸጠ፣ የአውራጃው አስተዳዳሪ ምን ሪፖርት እንደ ጻፈ፣ የትኛው ገበያ ላይ እህል እንደ ነበረና ማን መግዛት እንዳልቻለ በአማርኛም ሆነ በትግርኛ በወቅቱ የዘገበ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ዓለም የሚያየው አንድ ቀን የተነሣ ፎቶግራፍ ሳይሆን የወራት ታሪክ ይሆን ነበር።

ኢትዮጵያዊው ይህን ጉድለት በራሱ መንገድ ሲያካክስ ኖሯል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የጀርመን ድምፅ፣ 3 ሰዓት ላይ የአሜሪካ ድምፅ፤ አባት ራዲዮኑን ወደ ጆሮው አስጠግቶ የአጭር ሞገዱን ፉጨት እየታገለ፣ ልጆች ዝም በሉ እየተባሉ። በደርግ ጊዜ ድምፁ ይቀነሳል፣ በሩ ይዘጋል። ጎረቤት ቀበሌ የሆነውን ነገር ከጀርመንና ከዋሽንግተን መስማት ለሁለት ትውልድ የተለመደ ኑሮ ነበር። ልማዱ ግን ዋጋ አለው፤ የውጭ ጣቢያ ባለቤቱ ሌላ ነው። በመጋቢት 2017 የአሜሪካ መንግሥት የአሜሪካ ድምፅን ሥራ ሲያቆመው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያዳመጠው ኢትዮጵያዊ ማንም ሳያማክረው የምሽት ወሬው ተቋረጠበት።

አሁን ያ ራዲዮ ስልክ ሆኗል። ደርግ ለአንድ ምሽት ስቱዲዮና የፊልም መቁረጫ ማሽን ያስፈለገው ሥራ፣ ዛሬ አንድ ጎረምሳ ካፌ ተቀምጦ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከዩቲዩብ ያወርዳል። እንግዳው «እንዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም» ካለው ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ያስቀራል። ከሥሩ የሐዘን ሙዚቃ፣ ከላዩ በቢጫ ፊደል «ጉድ ፈላ» ይጨምርበትና ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል። እስከ ማታ በሺዎች ይጋሩታል። በማግስቱ ሰውየው ሙሉው ንግግር ይታይልኝ ብሎ ይለምናል፤ ሙሉውን የሚያይለት ግን ጥቂት ነው። እንደ መስከረም 1ዱ ፊልም ሁሉ እዚህም የተፈበረከ ምስል የለም። ፍርዱም እንደዚያው ከምርመራው ቀድሞ በኮሜንት ይሰጣል።

መንግሥት ለዚህ የሰጠው መልስ ሕግና መዝጊያ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ማኅበራዊ ሚዲያዎችም ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠይቃል። በጥላቻ ቅስቀሳ ሰው በሞተበት አገር ሕግ አያስፈልግም የሚል ሞኝ ነው። ሕጉ ግን ክፉውን ንግግር ይቀጣል እንጂ በጎደለው መረጃ ቦታ ሌላ መረጃ አያስቀምጥም። መዝጋቱም እንዲሁ ነው። በየካቲት 2015 ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ውዝግብ ጋር ተያይዞ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሲዘጉ፣ እስከ ሐምሌ ድረስ ባሉት ወራት በየሰፈሩ ቪፒኤን የማያውቅ ወጣት አልቀረም። ወሬው ቀጠለ፤ አስተባባዩ ብቻ ዘገየ።

በዚህ መሐል የምሽት 2 ሰዓት ዜና እንደ ልማዱ ይቀጥላል። እገሌ ጎበኙ፣ እገሌ አስመረቁ፣ እገሌ አሳሰቡ። ጋዜጠኛው ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በአዘጋጁ መኪና ይመላለሳል፤ ውሎ አበሉም ከዚያው ነው። የግሉም ቢሆን ብዙ አይሻልም፤ ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ ሁለት ሰው ማጨቃጨቅ ነዳጅ አይጠይቅም። ወረዳ ወርዶ ሦስት ቀን አድሮ የሚመለስ ዘጋቢ ውድ ነው፤ ስለዚህ የለም። «ማኅበራዊ ሚዲያው አስቸገረን» የሚለው አለቃ በጀቱን ሲያወጣ ይህን ቦታ ባዶ የሚተወው ራሱ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻም። በታኅሣሥ 2016 የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት የነበሩት ጌታቸው ረዳ በክልሉ የተጋረጠው አደጋ ከ1977ቱ የሚወዳደር ነው አሉ። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ ድርቅ እንጂ ረሃብ የለም ሲል ተከራከረ። ሕዝቡም በስልኩ ላይ ሁለት ጎራ ለይቶ ተሰዳደበ፤ አንዱ የሌላውን ምስል የድሮ ነው ይላል፣ ሌላው የአንዱን ዝምታ ጭካኔ ይላል። ክርክሩን ወደ መሬት ያወረደው በጥር ወር የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነበር። ባለሙያዎቹን ወደ አካባቢዎቹ ልኮ፣ በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ ምክንያት መሞታቸውን አስታወቀ።

የቁጥሩ ምንጭ የለንደን ካሜራ አልነበረም። አገር ውስጥ ያለ፣ በሕግ የተቋቋመ፣ ከመንግሥት በጀት የሚከፈለው ተቋም ሰው ልኮ ቆጠረ፤ የቆጠረውንም ተናገረ። አገር አልፈረሰም፣ ስሟም ከነበረው የባሰ አልጠፋም። ያን ቁጥር ተከትሎ በየወረዳው ወርዶ ቤተሰቦቹን ያነጋገረ፣ እርዳታው የት ላይ እንደ ቆመ የጠየቀ፣ በወሩ ተመልሶ ምን ተለወጠ ያለ የአገር ውስጥ ዘጋቢ ግን እንደሚገባው አልታየም። የክልል ጣቢያዎች አሉ፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮዎች አሉ፤ ቋንቋውንም መንገዱንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሚቀጥለው ክረምት ሲያጥር መጀመሪያ መድረስ ያለባቸውም እነሱ ናቸው። የወረዳው ኃላፊ በሩን ሳይዘጋባቸው፣ አለቃቸውም «ይህ ገጽታ ያበላሻል» ሳይላቸው የሰሙትን ቢያስተላልፉ፣ ያ የካፌው ጎረምሳ የሚቆርጠው 30 ሴኮንድ ሲደርሰው ተመልካቹ የሚያመሳክርበት ነገር በእጁ ይኖረዋል።