የእንጆሪ ርካሽ ቀንና የፍሪዘር ሒሳብ

እንጆሪ ገበያው ላይ ሲበዛ ይረክሳል፤ ነጋዴው ሳይበሰብስበት መሸጥ አለበትና። በርካሹ ቀን ግማሽ ኪሎ ብቻ ገዝቶ በውዱ ቀን የሚመለስ ባለ ፍሪዘር ግን ኪሳራውን የገዛው በራሱ እጅ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ፍሬው ታጥቦ፣ ውኃው ደርቆ፣ አረንጓዴ ቆቡ ተነቅሎ፣ ሳይነካካ ትሪ ላይ ተደርድሮ ፍሪዘር ይገባል። እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ወፈር ባለ ላስቲክ፣ አየሩ ወጥቶ ይታሰራል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለወራት ይቆያል። ሲቀልጥ ስለሚልም ለጭማቂና ለማርማላታ ይውላል።

ስጋቱ መብራት ነው። በሩ ካልተከፈተ ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ ሳይሞሉት ማጠራቀም አያዋጣም። መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ አዋጩ ፍሪዘር ሳይሆን የማርማላታ ድስት ነው።