ሥዕል ስሎ ዶክተር መባል ይቻላል?

“ሥዕል ስሎ ዶክተር? እሱማ ቀላል ነው!” ስለ ሦስተኛ ዲግሪ በተወራ ቁጥር ከክፍላችን ልጆች የምሰማው ቀልድ ነው። ሳቁ እንዳለ ሆኖ እኔ ግን አልስማማም። በተግባር ላይ የተመሠረተ የሥነ ጥበብ ዶክትሬት ቀላል አይደለም፤ እኛ ጋዜጠኝነት ተማሪዎችንም ይመለከተናል ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። በእንግሊዝ ይህ ዲግሪ በስፋት የተለመደው ፖሊቴክኒኮች እ.ኤ.አ. በ1992 ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ በኋላ ነው። ብዙ የሥነ ጥበብ ት/ቤቶች እዚያው ውስጥ ነበሩና። ተማሪው ሠዓሊ፣ ቀራፂ ወይም ቪዲዮ ሠሪ ሊሆን ይችላል። ሦስት አራት ዓመት ይለፋል። በመጨረሻ ሥራውን ለፈታኞች ያሳያል፤ ከሥራው ጋርም ጽሑፍ ያስገባል። ለመደበኛው ዶክትሬት 80 ሺህ ቃላት ገደማ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች እዚህ ላይ ከ30 እስከ 40 ሺህ ይበቃል ይላሉ። የቀረውን ሥራው ይሸፍናል። ከዚያ ደግሞ ፈታኞች ፊት ቀርቦ መከራከር አለ። ታዲያ ይሄ ምኑ ላይ ነው ቀላልነቱ?

“ምርምሩስ የታለ?” የሚል አይጠፋም። የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ምሁር ክሪስቶፈር ፍሬይሊንግ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጽሑፍ ሦስት ዓይነት ምርምር ለይተዋል፤ ስለ ጥበብ፣ በጥበብ ሥራ አማካይነት፣ እና ለጥበብ የሚደረግ። የአንድን ሠዓሊ ሕይወትና ዘመን ማጥናት የመጀመሪያው ነው። አንድን ቁስ እየሠሩበት፣ ውጤቱን እየመዘገቡ መፈተሽ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ላይ ሐሳቡ ሥራው ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀር እሳቸውም አስቸጋሪነቱን አልሸሸጉም።

ወደ አገራችን ልምጣ። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ የአገር ቤት የጭቃ አሠራርን ተከትለው ዞማ ሙዚየምን ገንብተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም ተከፍቷል። ለዲግሪ የተሠራ አይደለም። ግን ጭቃና ጭድ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን በንባብ ብቻ ይታወቃል? እጅ ጭቃ ውስጥ መግባት አለበት።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉልኝ። ጥሩ ሥራ ሁሉ ምርምር ነው አላልኩም። ምርምር የሚያሰኘው ጥያቄውን፣ የተሞከረውንና ያልተሳካውን ጭምር ሌላ ሰው ሊፈትሸው በሚችል መንገድ ማስቀመጥ ነው። ኤግዚቢሽን ይፈርሳል። ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚያገኘው ጽሑፉንና ምስሉን ነው። ስለዚህ “ሥራዬ ይናገራል” ብሎ ከጽሑፍ መሸሽ አያዋጣም።

እኛስ? መመረቂያ ሲደርስ ዶክመንተሪ የመረጠ ተማሪ “ሪሰርች ፈርቶ ነው” ይባላል። በአንጻሩ ከሌላ ሰው ጽሑፍ እየቀዳ 60 ገጽ የሞላው ተመራማሪ ተብሎ ያልፋል። ይሄ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ዶክመንተሪ የሚሠራ ተማሪ ጥያቄው ምን እንደነበር፣ ማንን ለምን እንዳናገረ፣ የትኛውን ምስል ለምን ቆርጦ እንደጣለ በጽሑፍ ያስረዳ። ፊልሙን ባዩ መምህራን ፊትም ይሟገት። ይህን ካደረገ ት/ክፍሉ ሥራውን ከጽሑፍ ጥናት እኩል ይመዝንለት።

መምህሮቻችንስ ምን ትላላችሁ? የሚሞግተኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር።