ሥራው ሳይጀመር ወሬው ቀድሞ ሲወጣ

በደብረ ታቦር ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንደኛው፣ ባለፈው ክረምት፣ የመዝገብ ቤቱ ፋይሎች ወደ ኮምፒዩተር ሊገለበጡ መሆኑን የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ማስታወቂያ በደጃፉ ተለጠፈ። የጉና ዝናም ቀለሙን እስኪያጥበው ድረስ ያነበበው ሰው ጥቂት ነው። ሠራተኛው ነገሩን የሰማው ሻይ ቤት ነው፤ እዚያም «ፋይል ይገለበጣል» የተባለው «መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ፣ ሰው ሊቀነስ ነው» ሆኖ አገኘነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ፋይሉን በጨለማ እንኳ ፈልገው የሚያወጡ ሰዎች «የለም፣ ጠፍቷል» ማለት ጀመሩ። የሥራው ፕላን ስለ መሣሪያው፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ጊዜው በሰፊው ሲዘረዝር፣ ለሠራተኛው ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ ይንገረው የሚል አንድም መስመር አልነበረበትም።

ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ በወረቀት ላይ ግብሩ በገቢው መጠን እንዲሆን የታሰበ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን ምርት ገማቾቹን ባየ ጊዜ መሬቱ ሊለካ፣ ርስቱም ሊወሰድ ነው አለ፤ በሹማምንቱ ላይ የቆየ ቅሬታም ነበረውና አመፀ። ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን ከተላከም በኋላ ግብሩን መሰብሰብ አልተቻለም፤ በመጨረሻ የቆየው ውዝፍ ተማረ። ማስረዳት ብቻውን ያን ሁሉ ያስቀር ነበር ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ገማቹ ከአስረጂው ቀድሞ መድረሱ እሳቱን አቀጣጥሎታል።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የእርሻ መሬት ሲመዘገብ ሌላ መንገድ ተያዘ። በየቀበሌው ገበሬዎች ራሳቸው ኮሚቴ መረጡ፤ ወሰኑም ጎረቤት ባለበት ተለየ። መሬትን የሚነካው ያው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ገበሬው ፎቶግራፍ የተለጠፈበትን የይዞታ ደብተር ተቀበለ። እንከን አልነበረውም አንልም፤ የወሰን ሙግት ዛሬም በየፍርድ ቤቱ አለ።

እንግዲህ አሳባችን፣ አዲስ ሥራ የሚያቅድ ሹም ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ሥራው አስቀድሞ የሚነካውን ሰው ጠርቶ ያነጋግር፣ ጥያቄውንም በፕላኑ ውስጥ ያግባ የሚል ነው። ጓደኞቻችን «ስብሰባ ልታበዙብን ነው» ይሉናል። አበል እየተከፈለበት የሚንቀላፋበትን ስብሰባ እኛም አንወድም፤ ለዚህ ግን አንድ ሰዓት ይበቃል።

የዚያን መዝገብ ቤት ኃላፊ ሴትዮ ሄደን ጠይቀናቸው ነበር። ጥያቄያቸው አንዲት ናት፤ «ሥራው ሲያልቅ እኔ የት ነው የምቀመጠው?» እስካሁን የመለሰላቸው የለም።