ያዘዘውስ ማን ነው?

ፖሊስ ሰው ደበደበ በተባለ ቁጥር ክርክራችን ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ወገን «ሥነ ምግባር የጎደላቸው ጥቂት አባላት ናቸው» ይላል፤ ሌላው «ሥርዓቱ ነው» ይላል። ሁለቱም የማንንም ስም አይጠሩም። እኔም ሁለቱንም የማልወዳቸው ለዚህ ነው።

ልደታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የታየውን የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት መዝገብ እናስታውስ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ማረሚያ ቤቱ ተቃጥሎ፣ መንግሥት ባመነው ብቻ 23 እስረኞች ሞቱ። ተከሳሽ ሆነው የቀረቡት ግን ጠባቂዎቹ ሳይሆኑ 38 እስረኞች ነበሩ። ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ተወስደን ተደበደብን፣ ቃላችንን የሰጠነው በግድ ነው አሉ። ልብሳቸውን ገልጠው ጠባሳቸውን ለዳኞች ያሳዩም ነበሩ። ፍርድ ቤቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አጣርቶ እንዲያቀርብ አዘዘ፤ ክርክሩም በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ቀጠለ።

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ላይ የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ በአዲስ አበባ ሰባት ስውር እስር ቤቶች እንደነበሩ ተናገሩ። የደኅንነት፣ የፖሊስና የማረሚያ ቤት ሹማምንት ተያዙ፤ የቀድሞው የደኅንነት ኃላፊ ጌታቸው አሰፋም በሌሉበት ተከሰሱ። እሰየው ነው። ግን ልብ በሉ፤ የተጠየቁት ከወንበራቸው ከወረዱ በኋላ ነው። የፌዴራል ፖሊስ ምርመራ ማዕከል የነበረው ማዕከላዊ በተጨናነቀበት ዘመን ማን ጠየቃቸው? ከምርጫ 97 ቀውስ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽንም 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጥሮ፣ መንግሥት ከመጠን ያለፈ ኃይል አልተጠቀመም ብሎ ለፓርላማ አቀረበ። የመጀመሪያው ሰብሳቢ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ያኔ አገር ጥለው ወጥተው ነበር።

ሕግ ጎደለን እንዳንል ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ደግሞ ተጠርጣሪን ለሚያሰቃይ መርማሪ እስከ 10 ዓመት፣ ድርጊቱን ላዘዘው ባለሥልጣን እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። ለአዛዡ የተጻፈው ቅጣት ይከብዳል። «የበላይ ትእዛዝ ነው» የሚለው ኮንስታብል ራሱን ነጻ አያወጣም፤ ግን አለቃውን እየጠቆመ ነውና ሊሰማ ይገባል። በአነስተኛ ደመወዝ ሌሊት ተረኛ የሚያድረውን ልጅ ብቻ አባርሮ «እርምጃ ወስደናል» ማለት ለአለቃው ውለታ መዋል ነው።

የኔ ሙግት ከዳኞች ጋር ነው። ተጠርጣሪ «ተደብድቤአለሁ» ሲል አቤቱታውን መዝግቦ ለፖሊስ 14 ቀን ተጨማሪ መስጠት፣ ሰንበሩ እስኪደበዝዝ ጊዜ መስጠት ነው። በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው። ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ማን እንደሆነ፣ በዚያች ሌሊት የጣቢያው ኃላፊ ማን እንደነበረ፣ ፖሊስ እዚያው ችሎት ላይ ይናገር፤ ዳኛውም ሁለቱን በሙሉ ስማቸው መዝገቡ ላይ ያስፍራቸው።